ስለ አራስ ልጅ መኝታ

የሰሎሞንን ፍርድ ሳይሰማ ያደገ የአገራችን ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። ሰይፉን፣ በሕይወት ያለው ሕፃን ለሁለት ይከፈል ተብሎ የተሰጠውን ትእዛዝ፣ የእውነተኛዪቱን እናት ጩኸት ሁላችንም እናውቃለን፤ የነገሥታቶቻችን የዘር ሐረግ ከዚያው ንጉሥ ይመዘዛል እየተባለ ሲነገረን ስለኖረም ታሪኩን እንደ ቤተ ዘመድ ወግ እንቈጥረዋለን። የሙግቱ መነሻ ግን ብዙ ጊዜ ትዝ አይለንም። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ ሦስት እንደተተረከው፣ ነገሩ የተጀመረው አንዲት እናት በሌሊት እንቅልፍ ጥሏት ከጎኗ የተኛውን አራስ ልጇን ሳታውቅ ስለተጫነችው ነው። ሰይፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚያ ሞት ንጉሡ ሴቲቱን አንድም ነገር አይጠይቃትም፤ ሙግቱ በሕይወት ስለ ቀረው ልጅ ብቻ ነው። ሌላም የምናልፈው ነገር አለ። ከሳሺቱ ለንጉሡ ስታስረዳ፣ በዚያች ቤት ከሁለቱ አራሶች በቀር ሌላ ሰው እንዳልነበረ አበክራ ትናገራለች። ይህን የምትለው ምስክር እንደሌላት ለማስታወቅ ነው፤ እኔ ግን ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ቃሏን በሌላ መንገድ አነበዋለሁ። ሁለት አራሶች፣ ያለ እናት፣ ያለ አክስት፣ ያለ ጎረቤት፣ በአንድ ቤት ብቻቸውን ያድሩ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የምኖርበት ሁስቢ ከስቶክሆልም መሐል ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በየርቫ ሜዳ ጠርዝ ላይ ያለ ሰፈር ነው። ስዊድን ከ1965 እስከ 1974 አንድ ሚሊዮን መኖሪያ ቤት ለመሥራት ባወጣችው ታላቅ ዕቅድ ዘመን ከተጠነሰሱት ሰፈሮች አንዱ ሲሆን፣ የምድር ባቡሩ የደረሰው በ1977 ነው። መንገዶቹ ትሮንድሄይም፣ በርገን፣ ኦስሎ እየተባሉ በኖርዌይ ከተሞች ስም ተሰይመዋል፤ የሚበዛው ነዋሪ ግን ከኖርዌይ እጅግ ከራቁ አገሮች የመጣ ወይም ከመጣ ሰው የተወለደ ነው። ጋዜጠኞች ስለ እኛ የሚያስቡት በሜይ 2013 እንደሆነው መኪና ሲቃጠል ነው። በየፎቁ ስለሚወለዱት ልጆች የሚጽፍ እስካሁን አላየሁም፤ እዚህ ከማንኛውም ነገር ይልቅ ዘወትር የሚሆነው ግን እርሱ ነው።

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን፣ ሴት ልጅ፣ በዲሴምበር 2024 ተገላገለች። ዲሴምበር በስቶክሆልም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የሚመሽበት ወር ነው። ታላቅ እኅቴ ልታርሳት ከጎንደር መጣች፤ ገብስ፣ አብሽ፣ ቅቤ፣ የአጥሚት እህል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰባት ልጅ ያሳደገ ክንድ ይዛ መጣች። በመኝታ ቤቱ ጥግ የቆመውን ባለ እንጨት መከታ የሕፃን አልጋ እንዳየች፦

«ይህ ምንድን ነው? የግልገል ጋጣ ነው?» አለች።

«የሕፃኗ አልጋ ነው፣ እትዬ። ሦስት ወር እስኪሞላት ብቻዋን እዚያ ብትተኛ ይሻላል ይላሉ።»

«እነማን ናቸው የሚሉት?»

«ነርሷ።»

«ነርሷ እዚህ ታድራለች እንዴ?»

ልጄ ሳቀች፤ እኅቴ ግን አልሳቀችም። በቋንቋችን አልጋ ማለት ዙፋንም እንደ ነበር፣ ወራሹም አልጋ ወራሽ ይባል እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል፤ ገና ክርስትና ላልተነሣች ልጅ አልጋ ሲለቀቅላት ማየቱ እኅቴን ግራ ያጋባት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥያቄዋ ግን የዋዛ አልነበረም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አስቀድሞ ምክሩን እንየው። ሶሻልስቲሬልሰን የተባለው የስዊድን የጤናና የማኅበራዊ ጉዳይ ቦርድ ለወላጆች ባሠራጨው ጽሑፍ፣ ሕፃን በጀርባው ይተኛ፣ ፊቱ አይሸፈን፣ ከመጠን በላይ አይሙቀው፣ ትንባሆ አይጨስበት፣ ከተቻለ ጡት ይጥባ፣ እስከ ሦስት ወሩም በራሱ አልጋ ቢተኛ ይበልጥ ደኅና ነው ይላል። የራሱ አልጋ ይላል እንጂ የራሱ ክፍል አይልም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም በ2022 ባደሰው ምክሩ፣ ሕፃኑ ቢያንስ እስከ ስድስት ወሩ በወላጆቹ ክፍል፣ ነገር ግን በሌላ አልጋ ይተኛ ብሏል። ከምክሩ በስተጀርባ ያለው ቍጥር ቀላል አይደለም። በስዊድን በ1990ዎቹ መግቢያ በዓመት ከመቶ የሚበልጡ ሕፃናት ጤነኛ መስለው ተኝተው ሳይነቁ ይቀሩ ነበር፤ ዛሬ ወደ ሃያ ገደማና ከዚያ በታች ወርዷል፤ በዓመት መቶ ሺሕ ገደማ ልጅ በሚወለድባት አገር። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ልጅን በጀርባ ማስተኛት ነው። የአልጋው ነገር ከዚያ በኋላ የመጣ ጥቂቱን የቀረ አደጋ የመቀነስ ሙከራ ነው፤ አደጋውም በሁሉም ቤት እኩል አይደለም። ወላጅ የሚያጨስ ከሆነ፣ መጠጥ ወይም የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከወሰደ፣ ልጁ ያለ ጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ ከተወለደ በእጅጉ ይጨምራል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ልጅ ታቅፎ በሶፋ ላይ እንቅልፍ መጣል ነው።

በእኛ ሰዎች ዘንድ ይህን ምክር ሲሰሙ ወዲያው የሚሰነዘር አንድ ትችት አለ፤ «ፈረንጅ ልጁን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ብቸኝነት ያለማምደዋል» የሚል። ትችቱ ፍጹም መሠረት የለውም አልልም። ሄንሪክ በርግሬንና ላርስ ትሬጎርድ የተባሉ ሁለት የታሪክ ሰዎች በ2006 «ስዊድናዊ ሰው ነውን?» የሚል መጽሐፍ አሳትመው፣ የዚህ አገር መንግሥት እያንዳንዱን ሰው ከዘመዱ፣ ከባሏ፣ ከወላጁ ጥገኝነት ነጻ የሚያወጣ አጋር ሆኖ መኖሩን በሰፊው አትተዋል። ይህን ያነበበ ሰው የሕፃኑን አልጋ የመጀመሪያው የዜግነት መታወቂያ አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም። ነገር ግን ስሕተት ነው። ባርባራ ቬለስ ኒውስትረም የተባለች ተመራማሪ በ2005 ባሳተመችው ጥናት፣ ልጅን በወላጅ አልጋ ማስተኛት በስዊድናውያን ቤተሰቦች ዘንድ የተለመደ ነገር መሆኑን አሳይታለች፤ ለዚህም «ሳምሶቫ» የሚል የራሳቸው ቃል አላቸው። የሦስት ወሩ ምክር ስለ ትንፋሽ የሚናገር እንጂ ስለ ነጻነት የሚናገር አይደለም። ከሦስት ወር በኋላ ስዊድናዊቱ ጎረቤቴ ልጇን አቅፋ ትተኛለች፤ አገር ያውቀዋል።

ሁለተኛው ትችት ጠንከር ያለ ነው። ሐኪሞች ዛሬ የሚሉትን ነገ ይሽሩታል ይባላል፤ እውነትም በዚሁ በመኝታ ጉዳይ ሽረዋል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞች ሕፃን በሆዱ እንዲተኛ ይመክሩ ነበር፤ ልጁ ቢያስመልሰው እንዳያንቀው በማሰብ ነው። በብሪታንያ በ1991፣ በስዊድንም በዚያው ሰሞን፣ በአሜሪካ በ1994 ዘመቻ ተደርጎ ምክሩ እስኪገለበጥ ድረስ በቅንነት የተሰጠ ትምህርት ብዙ ሺሕ ሕፃናትን ፈጅቷል። ልጇን በሆዱ ማስተኛትን ያልሰማች የገጠር እናት በዚያ ዘመን ከፕሮፌሰሩ የተሻለ ታደርግ ነበር። ታዲያ ለምን እናምናቸዋለን? እኔ የማምናቸው ስለማይሳሳቱ አይደለም። ስሕተታቸውን ያገኙት ራሳቸው ናቸው፤ ያገኙትም ሙታኑን በመቍጠር ነው።

ልማድ መቍጠር አይችልም። በልጅነቴ በመንደራችን ማታ ደኅና ሆኖ ጠብቶ የተኛ ልጅ ጠዋት ሞቶ ሲገኝ፣ አንዷ ቡዳ ነው ትላለች፣ ሌላዋ ምች ነው፣ ቄሱ የሰጠ እርሱ ወሰደ ይላሉ። እናቲቱን «ተጭነሽው ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ጨካኝ አልነበረም። ይህ ርኅራኄ ነው፤ አልክደውም፤ ሰሎሞንም አልጠየቀም። ግን ያልተጠየቀ ነገር አይታወቅም። በ2000 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ አንድ ሺሕ ልጆች 97ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ከእነዚህ ስንቶቹ በተቅማጥ፣ ስንቶቹ በሳንባ ምች፣ ስንቶቹስ በጋቢ ሥር እንደ ሞቱ መንደሩ ለይቶ ሊነግረን አይችልም። ስለዚህ «እኛ ሁላችን በእናታችን ብብት ሥር አድገን ምን ሆንን?» የሚለው የተለመደ ክርክር ክርክር አይደለም፤ የሆኑት እዚህ ተቀምጠው ሊመልሱ አይችሉምና።

እስከዚህ ያነበበ ሰው ለነርሷ የፈረድሁ ይመስለው ይሆናል። ወደ እኅቴ ጥያቄ ልመለስ።

በአገር ቤት ልማድ አራስና ልጇ በአንድ መኝታ ያድራሉ ስንል፣ ከአንድ ትልቅ ነገር አንዲት ቍራጭ ብቻ መናገራችን ነው። መኝታው የጭቃ መደብ ወይም ጠፍር አልጋ ነው፤ ቁርበት ይነጠፍበታል፤ ሰውነት የሚሰምጥበት ፍራሽ፣ ፊት የሚሸፍን የላባ ብርድ ልብስ የለውም። ቤቱ ብርድ ነው፤ ከእናት ገላ ሌላ ሙቀት የለም። ከሁሉ በላይ አራስ ብቻዋን አትተውም። ወንድ ከሆነ አርባ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ክርስትና እስክትነሣ ድረስ ከራስጌዋ ብረት ይቀመጣል፣ በቤቱም ሴት አይጠፋም፤ እናቷ፣ አክስቷ፣ ጎረቤቷ በየተራ ያድራሉ። በብረቱ እንስቃለን። ጋኔን ያባርር አያባርር አልከራከርም፤ ደንቡ የሚጠብቀው ግን አራሷ ያለ ሰው እንዳትቀር ነው። እናት ደክሟት እንቅልፍ ሲጥላት ከምድጃው ወዲያ የምትነቃ አንዲት አሮጊት ነበረች። ልጅ ሲያቃስት «ኧረ ልጁን!» የምትል እርሷ ነበረች። የተቀረው የዓለም ክፍልም ችግሩን ያውቀው ነበር፤ በፊሬንዜ ከተማ ሞግዚት ሕፃኑን እንዳትጫነው ከላዩ የሚደፋ የእንጨት ቀስት ይሠራ ነበር፤ እኛ እንጨቱን ሳይሆን አሮጊቷን ነው የሠራነው ማለት ይቻላል።

በሁስቢ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ከዚህ ሁሉ የምናመጣው አንዱን ቍራጭ ብቻ ነው፤ ልጅን ከጎን ማስተኛትን። ፍራሹ ለስላሳ ነው፤ ብርድ ልብሱ ወፍራም ነው፤ በበረዶ ወራት እንኳ ክፍሉ ከመሞቁ የተነሣ መስኮት እንከፍታለን። ብርድ ነበር ምክንያቱ፤ ብርዱ ከደጅ ቀርቷል። እናቲቱ ብቻዋን ናት፤ አባት ከወሊዱ ጋር ተያይዞ በሕግ የሚሰጠው ዐሥር ቀን አልቆ ወደ ሥራው ተመልሷል። እንዲህ ያለውን መኝታ ልማዳችን ነው ማለት ስም መዋስ ነው። የሰሎሞንን ሁለት ሴቶች የሚመስለው ይህ ቤት እንጂ የእናቴ ቤት አይደለም።

የገላ መነካካት ዋጋ እንዳለው የሚክድ ሐኪም ዛሬ የለም። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በ2005 ባሳተሙት፣ አዲስ አበባ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ክብደታቸው አንሶ የተወለዱ ሕፃናት ወዲያው ከእናታቸው ደረት ላይ ሲታቀፉ በተለመደው መንገድ ከተያዙት ይልቅ ብዙዎቹ በሕይወት ተርፈዋል። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ይህ አያያዝ ዛሬ በስዊድን ሆስፒታሎችም የታወቀ ነው። እዚያም ቢሆን ግን ታቅፎ የሚያድረው ልጅ የሚያየው ሰው አለው፤ ነርስ ትዞራለች፣ ዘመድ አለ።

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም፤ ፍርሃትን ማለቴ ነው። ብዙዎቻችን ከመንግሥት ፊት ሸሽተን የመጣን ነን፤ ምክርና ትእዛዝን ለይቶ መስማት አልለመድንም። በጎረቤታችን በሪንከቢ ከ2013 ጀምሮ የሕፃናት ጤና ጣቢያው ነርስና የማኅበራዊ አገልግሎቱ የወላጆች አማካሪ አብረው የበኵር ልጅ ወደወለዱ ቤቶች እየሄዱ መጠየቅ ጀምረዋል፤ ሥራው ተመስግኖ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተስፋፍቷል። እኔም መልካም ነው እላለሁ። ነገር ግን «ሶሻል ልጅ ይነጥቃል» የሚለው ወሬ፣ በተለይ በ2022 በማኅበራዊ መገናኛዎች ከተዛመተ ወዲህ፣ በሩ ሲንኳኳ የሚደነግጥ ብዙ ነው። የሰፈራችን ሴቶች ነርሷ «ልጁ የት ነው የሚተኛው?» ብላ ስትጠይቅ ጋጣውን ያሳዩዋታል፤ ልብስ የተከመረበትን። ውሸቱ ማንንም ባይጎዳ ግድ አልነበረኝም። ለነርሷ የዋሸች እናት ግን አልጋ ላይ ከሆነ ትራሱን አንሺ፣ ብርድ ልብሱን ዝቅ አድርጊ፣ በሶፋ ላይ ግን ፈጽሞ አታጥቢ የሚላት ታጣለች። የብሪታንያ የጤና ባለሥልጣናት በ2021 ያወጡት መመሪያ ይህን ተረድቶ፣ ባለሙያዎች ወላጆችን በግልጽ እንዲያነጋግሩና አብሮ መተኛት እንዴት አደጋው እንደሚቀንስ እንዲያስረዱ አድርጓል። በስዊድንም ነርሶቹ ብዙዎቹ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ እኛ እውነቱን ከነገርናቸው።

በቤታችን የተቈረጠው እንዲህ ነው። ውሳኔው የእናቲቱ ነው ብዬ ስለማምን እኔ አልፈረድሁም፤ ልጄ ነርሷንም አክስቷንም ሰምታ የሕፃኗን አልጋ እጇን ዘርግታ ከምትደርስበት ከራሷ አልጋ አጠገብ አደረገችው። እኅቴ ሁለት ቀን ዝም ብላ ከረመች። በሦስተኛው ማታ፦

«ይሁን፣ በጋጣዋ ትተኛ፤ እኔ ግን አልተኛም» አለች።

አልተኛችምም። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እርሷ፣ ከዚያ እስኪነጋ እኔ፤ ሽማግሌ መቼም እንቅልፍ የለውም። ልጄ ተኝታ ታጠባለች፣ ጥብታ ስትጨርስ ከመካከላችን ተረኛው ሕፃኗን ተቀብሎ፣ አስገስቶ፣ እሹሩሩ ብሎ በጀርባዋ ያስተኛታል። ነርሷ ስትመጣ ይህን ነገርናት፤ ልጄ እንደ ተረጐመችልን ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ አላየሁም አለች። ነገሩ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ልጄ አንዳንድ ሌሊት ከእንቅልፏ ነቅታ ባዶውን ጎኗን እየዳበሰች ታለቅስ ነበር፤ ያ ልቅሶ ከንቱ ነው የሚለኝ ሐኪም ቢመጣ አልሰማውም። ከብዙ ሺሕ አንድ የሚሆነውን ነገር ለማራቅ በየሌሊቱ የተከፈለ እውነተኛ ዕዳ ነው። መክፈሉ ተገቢ ነበር የምለው ያ አንዱ በደረሰበት ቤት ሞቱ ሙሉ ስለሆነ ነው፤ ይህን በመለካት የማይስማማኝን ሰው ግን ሞኝ አልለውም።

ሦስት ቍጥሮች በዚያ ሰሞን አብረው ሲቈጠሩ ነበር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣበት ሰማንያ ቀን፤ የእኅቴ የጥየቃ ቪዛ ዘጠና ቀን፤ የነርሷ ሦስት ወር። እንዴት እንደ ተገጣጠሙ አላውቅም፤ እኅቴ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ልጅቱን ከቤተ ክርስቲያን ይዛ ከተመለሰች በኋላ ሻንጣዋን ማዘጋጀት ጀመረች። ከጁላይ 2024 ጀምሮ የስዊድን ሕግ ወላጆች ከ480ው የወሊድ ፈቃድ ቀኖቻቸው እያንዳንዳቸው እስከ 45፣ ብቻውን የሚያሳድግ ወላጅም እስከ 90 ቀን ለአያት ወይም ለሌላ ሰው እንዲያስተላልፉ ፈቅዷል። መንግሥት አሮጊቷን ከምድጃው ወዲያ ዳግመኛ ሊያስቀምጣት እየሞከረ ነው ብዬ በልቤ አመሰገንሁ። ግን ክፍያው በስዊድን ኢንሹራንስ ለታቀፈ ሰው ነው፤ ከጎንደር የመጣች አክስት አይመለከታትም። አብዛኛዎቹ የሰፈራችን አሮጊቶችም ጎንደር፣ አስመራ፣ ሞቃዲሾ፣ ደማስቆ ናቸው።

እኛ እዚህ እድር አለን። ሰው ሲሞት ሦስት ቀን ሙሉ እንቀመጣለን፤ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ተራው ሁሉ በደንብ ተጽፏል። ሴት ስትወልድ ግን ገንፎ ይዘን በቀን እንሄዳለን፣ እልል ብለን፣ መርቀን፣ የመጨረሻው የምድር ባቡር ሳያመልጠን እንመለሳለን። በዚህ ዓመት ስብሰባ ላይ ለአራስም የሌሊት ተራ ይኑር፣ ቢያንስ ለመጀመሪያው አርባ ቀን፣ ብዬ ሐሳብ አቀረብሁ። ሴቶቹ ደገፉት። አንድ አዛውንት በእድሜያቸው እንዲህ ያለ ነገር በደንብ ሲጻፍ አይተው እንደማያውቁ፣ ድሮ ሳይጻፍ ይደረግ እንደ ነበር ተናገሩ። ገንዘብ ያዡ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሚመላለስ ሰው የታክሲ ሒሳብ ከየትኛው ሣጥን እንደሚወጣ ጠየቀ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። በእኛው መግቢያ፣ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ ልትወልድ ስድስት ሳምንት የቀራት ልጅ አለች፤ ባለቤቷ የሌሊት አውቶቡስ ይነዳል። የቤታችንን ቍልፍ አንዱን ቅጂ ሰጥቻታለሁ።